ስቴላ ንያንዚ፦ ስለ ኡጋንዳዊቷ ተሟጋች ገጣሚ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስቴላ ንያንዚ ስም በተነሣ ቁጥር ጨዋታው ቶሎ ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል። አንዱ «ባለጌ ናት» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፤ ሌላው አንድም ግጥሟን ሳያነብ ጀግና ያደርጋታል። እኔ ግጥሞቿን ደጋግሜ አንብቤያለሁ፤ እወዳቸዋለሁም። ከዚህ በታች ያሉት ሰዎች አብዝተው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። የቀናት አቆጣጠሩ እንደ አውሮፓ ነው።

ስቴላ ንያንዚ ማን ናት?

በ1974 የተወለደች ኡጋንዳዊት ገጣሚ፣ ተመራማሪና የሦስት ልጆች እናት ናት። ካምፓላ በሚገኘው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች፤ ለንደን ውስጥ የሕክምና አንትሮፖሎጂ አጥንታ ዶክትሬቷን እዚያው ከተማ ከሚገኘው የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት አግኝታለች። ጋምቢያና ኡጋንዳ ውስጥ ያካሄደቻቸው ጥናቶች ስለ ወሲብ፣ ስለ ሥነ ተዋልዶና ስለ ሰውነት ናቸው። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሀገሯ መታሰራቸውንም በግልጽ ትቃወማለች፤ ይህም ብዙ ጠላት አፍርቶባታል።

የጥናት ዘርፏን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚናገረውን የሰውነት ክፍል እርሷ ለዓመታት በምርምር ወረቀት ላይ ስትጽፈው ኖራለች። ግጥሟ ውስጥ ማህፀን፣ ጡትና የወር አበባ በየመስመሩ ሲመጡ አንባቢን ለማስደንገጥ ብቻ የተሰነቀሩ አይደሉም፤ የምታስብባቸው ቃላት ናቸው።

«ናሎንጎ» የሚሏት ለምንድን ነው?

መንታ ስለ ወለደች ነው። በባጋንዳ ሕዝብ ዘንድ የመንታ እናት «ናሎንጎ»፣ አባትየው ደግሞ «ሳሎንጎ» ይባላሉ። ማዕረግ ነው። መንታ ሲወለድ በሚደረገው ሥርዓት ላይ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በሌላ ቀን አፍ የማይደፍራቸውን የወሲብ ቃላት እያነሣ ይዘፍናል፤ የሚቆጣ የለም፤ እንዲያውም ሥርዓቱ ያለ እነዚያ ዘፈኖች አይሞላም። በእኛም ሀገር ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች እጁ የተሰበሰበውን ባለቤት በዜማ ሲሰድቡት ቀኑ ፈቅዶላቸዋልና ማንም አይገርፋቸውም። ስለዚህ «ይህ ከአፍሪካ ባህል ውጪ ነው» የሚሉት ሰዎች የትኛውን ባህል እንደሚሉ ቢነግሩን ጥሩ ነው። የባጋንዳ ባህል ነውርን የሚናገሩበት ቦታና ጊዜ ለይቷል። ስቴላ ያደረገችው ያንን ቃል ከሥርዓቱ አውጥታ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ማሰማት ነው።

መጀመሪያ የታወቀችው በምንድን ነው?

በኤፕሪል 2016 ባደረገችው ተቃውሞ ነው። በወቅቱ በማኬሬሬ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ተመራማሪ ነበረች። የተቋሙ ዳይሬክተር፣ ዕውቁ ምሁር ማሕሙድ ማምዳኒ፣ በዶክትሬት ፕሮግራሙ ማስተማር ግዴታዋ ነው ይሉ ነበር፤ እርሷ ደግሞ የተቀጠርኩት ለምርምር ነው ትል ነበር። ቢሮዋ ተቆለፈባት። ልብሷን አውልቃ በካሜራ ፊት ቆመች።

ከሥራ ክርክሩ አንጻር ሁለቱም ወገን የሚለው ነበረው፤ በዚያ ላይ ፍርድ አልሰጥም። ራቁት የመቆሙን ነገር ግን ብዙ ሰው «እብደት» ብሎ ያለፈው የታሪኩን ሥር ባለማወቅ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የእናት ራቁትነት እርግማን ነው። በ1992 ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ከኬንያዊቷ ተሟጋች ከዋንጋሪ ማታይ ጋር የረሃብ አድማ ላይ ሳሉ ፖሊስ ዱላ ይዞ ሲመጣባቸው ልብሳቸውን ጣሉ። በ2015 በሰሜን ኡጋንዳ አሙሩ መሬታቸውን ሊለኩ የመጡ ባለሥልጣናት ፊት አሮጊቶች እንዲሁ አደረጉ። እናት ራቁቷን ካሳየችህ ከሞት የማይተናነስ ነገር ደርሶብሃል ማለት ነው። እኛም ዘንድ እናት ልጇን ከክፉ ሥራ ልትመልስ «ያጠባሁህ ጡት» ብላ ደረቷን ገልጣ ስትለምን ያየ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። ልዩነቱ የእኛዋ እናት መለመኗ፣ የእነርሱዋ መርገሟ ነው።

ከፕሬዚዳንቱ ጋር ያጋጫት ነገር ምን ነበር?

ሞዴስ። ዓለም ስለ ስድቡ ብዙ ተናግሮ ይህን ረስቶታል፤ ስለዚህ ላብራራው።

ፕሬዚዳንት ዩዌሪ ሙሴቬኒ ለ2016ቱ ምርጫ ሲቀሰቅሱ ለተማሪ ልጃገረዶች የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያ በነጻ እናድላለን ብለው ቃል ገቡ። ተመረጡ። በፌብሩዋሪ 2017 የትምህርት ሚኒስትሯ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ እንደሌለ ለፓርላማ ተናገሩ። ሚኒስትሯ ጃኔት ሙሴቬኒ ነበሩ፤ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት። ባል ቃል ገባ፣ ሚስት ገንዘብ የለም አለች፤ በመሐል የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ጨርቅ አጥታ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ አለች። እንዲህ ያለችው ልጅ ለእኛም እንግዳ አይደለችም።

ስቴላ ሁለት ነገር አደረገች። በፌስቡክ ገጿ ቀዳማዊት እመቤቷን ያለ ርኅራኄ ወረፈች። በዚያው ጊዜ ከሕዝብ ገንዘብና ሞዴስ እየሰበሰበች በየትምህርት ቤቱ ማደል ጀመረች፤ ልጃገረዶችን ብቻ ሳይሆን ወንዶቹንም አስቀምጣ ስለ ወር አበባ አስተማረች። ተሳዳቢዋና አዳይዋ አንድ ሰው ናቸው። እኔ ስለ እርሷ ስናገር እነዚህን ሁለቱን ነጣጥሎ መናገር ሐሰት ይመስለኛል።

መንግሥት መልስ ለመስጠት አልዘገየም። በማርች 2017 ወደ ኔዘርላንድስ ልትበር ስትል ከኤንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ መለሷት። ማኬሬሬ ከሥራ አገዳት። ኤፕሪል 7 ቀን ስለ ዘመቻዋ ንግግር አድርጋ ስትወጣ ተያዘች።

ፕሬዚዳንቱን በእርግጥ «ቂጥ» ብላቸዋለች?

አዎ። አለሳልሼ «መቀመጫ» ብዬ ብተረጉመው ውሸታም እሆናለሁ።

የተባለበት ጊዜ ግን አብሮ መነገር አለበት። በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ ሙሴቬኒ በአንድ በዓል ላይ ተገኝተው እኔ የማንም አገልጋይ አይደለሁም፣ የማንም ተቀጣሪም አይደለሁም፣ ለራሴ ዓላማ የምታገል ታጋይ ነኝ የሚል ንግግር አደረጉ። በሥልጣን 31ኛ ዓመታቸው ላይ ነበሩ። ስቴላ በማግስቱ ገደማ በፌስቡክ ስትመልስ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቂጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሙሴቬኒም ከሌላው የማይለዩ ጥንድ ቂጥ ናቸው አለች። «አገልጋያችሁ አይደለሁም» ያለን ሰው በሰውነት ላይ ከሚገኘው ዝቅተኛ ቦታ ጋር አስተካከለችው። በዚህ ቃል በ2011 በወጣው የኮምፒውተር አላግባብ መጠቀም ሕግ አንቀጽ 24 እና 25 ተከሰሰች፤ 33 ቀን ሉዚራ እስር ቤት ቆይታ በሜይ 10 በዋስ ወጣች።

የአእምሮ ምርመራ ይደረግላት የተባለውስ?

እውነት ነው። ዐቃቤ ሕግ በ1938 የወጣ፣ የቅኝ ግዛት ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሕግ ጠቅሶ ጤንነቷ ይመርመር ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ጠበቆቿ ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ንጉሥን የተናገረ ሰው ወይ ወንጀለኛ ወይ እብድ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከእንግሊዝ ገዥዎች እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ መምጣቱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ያሳሰራት ግጥም ምን ይላል?

ሙሴቬኒ የልደት ቀናቸውን የሚያከብሩት ሴፕቴምበር 15 ነው። ስቴላ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2018 በፌስቡክ ገጿ ላይ የልደት ግጥም አወጣች። የልደት ግጥም መልካም ምኞት ነው፤ የእርሷም በምኞት ይጀምራል። ምኞቷ ግን ፕሬዚዳንቱ ባልተወለዱ ኖሮ የሚል ነው። በ2001 ያረፉትን እናታቸውን ኤስቴሪን በስም ጠርታ፣ ስለ መውለጃ አካላቸው ማንም በአደባባይ የማይለውን እያለች፣ ሕፃኑ እዚያው ታፍኖ፣ ታንቆ፣ ተቃጥሎ፣ ሰምጦ በቀረ ትላለች።

በየአንጓው ግን ሁለተኛ ግማሽ አለ። ታፍነህ በሞትክ፤ አንተ እኛን በጭቆና እንዳፈንከን። ታንቀህ በቀረህ፤ ሙስና ኢኮኖሚያችንን አንቆ እንደያዘው። ተቃጥለህ በጠፋህ፤ የመንግሥት ተቋማትን ሥነ ምግባር እንዳነደድከው። ሰምጠህ በቀረህ፤ የሚሊዮን ወጣቶችን ሕልም እንዳሰጠምከው። (ይህ የሐሳቡ ፍሬ ነው እንጂ ቃል በቃል ትርጉም አይደለም።) እያንዳንዱ ግሥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ በማህፀን ውስጥ፣ አንዴ በሀገር ላይ። ክሱ ያተኮረው በመጀመሪያው ግማሽ ጸያፍነት ላይ ነው፤ ጋዜጦቹም ሲያወሩ የከረሙት ስለዚያው ነው። ግጥሙ ግን ያለው በሁለቱ መገጣጠሚያ ላይ ነው።

የሞተች እናት መስደብ ግን እንዴት ግጥም ይባላል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝን ሰው አልቆጣውም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። በእኛ ሀገር ሰው በእናቱ ሲሰደብ ነገሩ እስከ ደም ይደርሳል፤ ሟች ደግሞ አይወቀስም። ኤስቴሪ የተባሉት ሴት ለልጃቸው አገዛዝ ተጠያቂ አይደሉም። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ እስከ ዛሬም አልተነሣልኝም። በተለይ ስለ ሴት ልጅ ሰውነት ክብር የምትታገል ገጣሚ የአንዲትን ሴት ሰውነት የመርዝ ዕቃ ማድረጓ ያመኛል።

ሆኖም ግጥሙን ያነበብኩት አንዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው እቀር ነበር። ደግሜ ሳነበው ያየሁት የተለመደውን ውዳሴ ግልባጭ ነው። ገዥ ሲወደስ «አንተን የወለደች ማህፀን የተባረከች ናት» ይባላል። የሀገር አባት፣ የሀገር ልደት፣ አዲስ ውልደት የሚሉ ቃላት የፖለቲካ ቋንቋውን ሞልተውታል። እርሷ ያንኑ የምስጋና ቅርጽ ይዛ ከሥር ገለበጠችው። ስድብን ከግጥም የሚለየው የቃሉ ንጽሕና ይመስለን ነበር። አንድ መንገደኛ ሰክሮ የሚሳደበው ስድብ ግን ቅርጽ የለውም፤ ወደ ጀመረበት አይመለስም። ይህኛው አምስት ጊዜ ወጥቶ አምስት ጊዜ ወደ ሀገር ይመለሳል።

ስለዚህ የእኔ መልስ፦ ግጥም ነው፤ የሚያስቀይም ግጥም ነው። ሰው ቢጠላው መብቱ ነው። በእርሱ ምክንያት እናት ከልጆቿ ተለይታ መታሰሯን ግን ምንም ዓይነት ቅያሜ አያጸድቀውም።

«ሥር ነቀል ጋጠወጥነት» የሚባለው ምንድን ነው?

ስለ ስቴላ በተጻፉ ነገሮች ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ሐሳብ ነው። ቃሉን ያወጣችው ታሪክ አጥኚዋ ካሮል ሰመርስ ናት፤ የ1940ዎቹን የኡጋንዳ ታጋዮች ስታጠና። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገዥዎች የባጋንዳን መኳንንት የሚይዙት በሻይ ግብዣ፣ በእራት ግብዣና በጨዋ ንግግር ነበር። ግብዣውን የተቀበለ ሰው አፉም አብሮ ይያዛል። ሰማኩላ ሙሉምባ የተባለ፣ የቅኝ አገዛዙን የሚቃወመው የባታካ ንቅናቄ ተወካይ ሆኖ ለንደን ይኖር የነበረ ሰው፣ በ1948 የኡጋንዳ አንግሊካን ጳጳስ እራት ሲጋብዙት ረጅም የዘለፋ ደብዳቤ ጽፎ መለሰ። ደብዳቤው ተባዝቶ ሀገር ቤት ተሰራጨ። ነጮቹ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው» አሉ፤ የፈለገውም ይህንኑ ነበር። መሬትህን ከወሰደ ሰው ጋር በሹካና በቢላዋ ሥርዓት መብላት ምርኮ መሆኑን አሳየ።

በአማርኛ «ጋጠወጥ» የሚለው ቃል ለዚህ ነገር የተሠራ ይመስላል። ጋጥ የከብት በረት ነው፤ ጋጠወጥ ከጋጡ ያመለጠ። ስድብ አድርገን እንጠቀምበታለን፤ ግን ከጋጥ መውጣት ሁልጊዜ ነውር ነው ያለ ማን ነው? ስቴላ በሙሉምባ መንገድ ላይ ራሷን አውቃ ቆማለች። ጨዋ አቤቱታ የጻፉ ሰዎች ደብዳቤያቸው በመዝገብ ቤት ሲበሰብስ አይታ ከጋጡ ወጣች።

ፍርድ ቤቱ ምን ወሰነ?

ኖቬምበር 2 ቀን 2018 ተያዘች። ይህን ጊዜ ዋስትና አልጠይቅም ብላ እስር ቤት መቆየትን መረጠች። ኦገስት 1 ቀን 2019 የቡጋንዳ ሮድ ፍርድ ቤት በኮምፒውተር አማካይነት በማዋከብ ጥፋተኛ ሲላት የፕሬዚዳንቱን ሰላም ማወክ ከሚለው ክስ ነጻ አደረጋት። በማግስቱ 18 ወር ተፈረደባት፤ የታሰረችበት ዘጠኝ ወር የሚታሰብ ሆኖ። ፍርዱን የሰማችው ችሎት ቀርባ ሳይሆን ከሉዚራ በቪዲዮ ነው። ካሜራው ፊት ጮኸች፤ ጡቶቿን ገልጣ አሳየች፤ ችሎቱ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ዳኛዋ ላይ ጠርሙስ ወረወረ።

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2020 የካምፓላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ ስለ ግጥም አልነበረም፤ የታችኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው አልተረጋገጠም፣ መከላከያዋንም በአግባቡ የማሰማት ዕድል አላገኘችም የሚል ነው። የእስራቷ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ከፍርድ ቤት ስትወጣ በነበረው ግርግር ራሷን ስታ ወደቀች።

ከዚያ ውሳኔ የጎደለብኝን ልናገር። አንድ ዳኛ ተነሥቶ «ፕሬዚዳንትን በግጥም መራገም ወንጀል አይደለም» ቢል ኖሮ ከእርሷ በኋላ የመጡት ሁሉ ጥላ ያገኙ ነበር። አልተባለም።

እስር ቤት ውስጥ ምን ጻፈች?

ከመቶ በላይ ግጥም ጻፈች። ግጥሞቹ በድብቅ ከሉዚራ ወጥተው በፌብሩዋሪ 2020፣ ከመፈታቷ በፊት፣ ካምፓላ ውስጥ በመጽሐፍ ታተሙ፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከአፌ ጽጌረዳ አይወጣም» እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወር በፊትም የዓለም አቀፉ የደራስያን ማኅበር የፔን ኢንተርናሽናልና የእርዳታ ድርጅቱ የኦክስፋም ኖቪብ የሐሳብ ነጻነት ሽልማት ተሰጥቷታል።

ይህን መጽሐፍ የሚከፍት ሰው ከዳር እስከ ዳር ስድብ ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን ከዚያ ሰፋ ያለ ነው። ስለ ሌሎች እስረኛ ሴቶች፣ ስለ ጠባቂዎች፣ ስለ ፍርድ ቤት ምልልስ፣ ስለ ናፈቋት ልጆች ትጽፋለች። እስር ላይ ሳለች ጽንስ እንደወረዳት ተናግራለች፤ ይህን ካወቅህ በኋላ ስለ ማህፀን የጻፈችውን ሁሉ በሌላ ዓይን ነው የምታነበው። ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነው፤ መስመሮቿ አጫጭርና ቤት የሚመቱ፣ ጮክ ብሎ ለማንበብ የተሠሩ ናቸው። ጥበቡ የረቀቀ ነው አልልም። አንዳንዱ ግጥም መፈክር ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዱ ተቻኩሏል። ወረቀት ተሸሽጎ በሚጻፍበት ቦታ የተጻፈ መሆኑ ይታያል። ጥሩዎቹ ግን በጣም ጥሩ ናቸው፤ በተለይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ አንዲት እስረኛ ብቻ የምትናገርባቸው።

ግጥሞቿን ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል?

ለራሴ ሞክሬ የተሰናከልኩት በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። የልደት ግጥሙ ፕሬዚዳንቱን በስማቸው «ዩዌሪ» ብሎ ይጠራል። እንግሊዝኛው አንድ ዓይነት «አንተ» ብቻ አለው። በአማርኛ ግን «ተወለድክ» ማለትና «ተወለዱ» ማለት መካከል አንድ አብዮት አለ። «አንተ» ስትል ጸያፍ ቃል ገና ሳትጠራ ሰድበሃል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ እኔ ራሴ ፕሬዚዳንቱን «እርሳቸው»፣ ገጣሚዋን «እርሷ» እያልኩ ነው የመጣሁት፤ የጋዜጣ ልማድ ነው፤ ገጣሚን በቅርበት መጥራትም የአንባቢ ወግ ነው። ግጥሙ ሲመለስ ግን ያለ ጥርጥር «አንተ» ነው።

ሁለተኛው ችግር ይበልጣል። እኛ የኃያላንን ነውር የምንናገርበት መንገድ ሰምና ወርቅ ነው። ባለ ቅኔው ንጉሡን ፊት ለፊት እያመሰገነ ኅብረ ቃሉ ውስጥ ይወጋዋል፤ ንጉሡ የገባው እንደሆነ ይቀጣዋል፣ አለዚያም ስቆ ይሸልመዋል። አዝማሪውም እንዲሁ። የስቴላ ግጥም ሰምም ወርቅም አለው፤ ግን አንዱን በሌላው አልሸፈነችም። ሰሙ ማህፀን ነው፣ ወርቁ ሀገር ነው፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣ በመሐላቸው «ልክ እንደ» የሚል ድልድይ ዘረጋች። መሸሸጊያ የለም። ቅኔ ያደገበት ጆሮ ይህን መጀመሪያ እንደ ድንቁርና ይሰማዋል። እኔ ግን አሁን አሁን የማስበው ወርቅ የመሸፈን ጥበባችን ሲቀጥን ገዥውን ከእፍረት የሚያድን ትሕትናም እንደሚሆን ነው።

የተከሰሰችበት ሕግ ዛሬም አለ?

ግማሹ። የኡጋንዳ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2023 አንቀጽ 25ን፣ «አስቀያሚ መልእክት» የሚለውን፣ ግልጽነት የጎደለው ነው ብሎ ሽሮታል። መንግሥት ግን ቀድሞ በኦክቶበር 2022 ሕጉን በማሻሻያ አጥብቆት ነበር። የኢትዮጵያ አንባቢም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና በጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሥር ነው የሚጽፈው (የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። ሕጎቹ አንድ አይደሉም፤ ግን «ማዋከብ» ወይም «ጥላቻ» የሚለው ቃል በደካማው ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለመከላከል ተጽፎ በኃያሉ እጅ ምን እንደሚሆን የስቴላ መዝገብ ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

ፖለቲካ ውስጥ ገብታለች?

በጃንዋሪ 2021 ምርጫ በተቃዋሚው ፓርቲ በኤፍዲሲ ስም ለካምፓላ የሴቶች የፓርላማ ወንበር ተወዳድራ ተሸንፋለች።

እንዲህ የጻፈችው እርሷ ብቻ ናት?

አይደለችም። ካክዌንዛ ሩኪራባሻይጃ የተባለው ደራሲ በ2020 በልብ ወለዱ ምክንያት ታሰረ፤ በዲሴምበር 2021 ደግሞ በትዊተር የፕሬዚዳንቱን ልጅ ሙሁዚን በመዝለፉ ተይዞ ተገረፈ፤ የጀርባውን ጠባሳ ለዓለም አሳይቶ በ2022 መጀመሪያ ከሀገር ወጣ። ከእነርሱ በፊት ኦኮት ፕቢቴክ አለ፤ የአቾሊን የሽሙጥ ዘፈን ወደ ዘመናዊ ግጥም ያመጣው፣ ለዓመታትም ኬንያ ውስጥ በስደት የኖረው። ኡጋንዳ ገጣሚዎቿን ድንበር ማሻገር የጀመረችው ዛሬ አይደለም።

አሁን የት ናት?

ከምርጫው በኋላ፣ በ2021 መጀመሪያ፣ ማንነቷን ሰውራ በአውቶቡስ ወደ ኬንያ ተሻገረች። በጃንዋሪ 2022 በጀርመን ፔን የስደተኛ ደራስያን ፕሮግራም ከልጆቿ ጋር ጀርመን ገባች፤ ሙኒክ። መጻፏን አላቆመችም። በስደት ላይም የግጥም መጻሕፍት ታትመውላታል፤ በፌስቡክም እንደ ቀድሞው ትናገራለች። እኔ ግን ሙኒክ ሆና የምትጽፈውን ሳነብ አንድ ነገር ይጎድለኛል፤ ቃሉ ከአፏ በወጣ ማግስት በሯን የሚመታው ፖሊስ የግጥሙ አካል ነበር። ለእርሷና ለልጆቿ ሰላም ስል ይህ ጉድለት ለዘላለም እንዲቀጥል እመኛለሁ።

ከየት ልጀምር?

ከልደት ግጥሙ አትጀምሩ። አብዛኛው ሰው ከዚያ ይጀምርና እዚያው ይጨርሳል። መጀመሪያ የእስር ቤቱን መጽሐፍ ያዙ፤ ስለ ልጆቿና ስለ እስር ጓደኞቿ የተጻፉትን ፈልጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ቀጥሎ የሙሴቬኒን የ«አገልጋይ አይደለሁም» ንግግርና የሞዴሱን ታሪክ እወቁ። ከዚያ በኋላ የልደት ግጥሙን አምጡና እርሳስ ይዛችሁ በየአንጓው ሁለት ጊዜ ከሚመጣው ግሥ ሥር አስምሩ።